ያልቀረበው አራተኛ ጠርሙስ፦ በቦክ ቢራ ቅምሻ ላይ ስለፈረሰ ቃል

ለድርጅታችሁ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ፍራንክፈርት

ጉዳዩ፦ ቀድሞ ቡርቦን (የአሜሪካ ዊስኪ)፣ ሩም (የሸንኮራ አገዳ አረቄ) እና ኮኛክ (የፈረንሳይ የወይን አረቄ) በነበረበት በርሜል የቆየ ቦክ (ጠንካራ የጀርመን ቢራ) ቅምሻን የሚመለከት ቅሬታ

የተያዘልን ቦታ ቁጥር፣ የክፍያው ደረሰኝና ከዚህ በፊት የተጻጻፍናቸው ኢሜይሎች እጃችሁ ላይ ስላሉ ነገሩን ከሥሩ አልጀምረውም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ በመጨረሻ የላካችሁልን መልስ ነው። «ቢራው ቀርቧል፣ ተጠጥቷል፤ ለተጠጣ ቢራ ገንዘብ አይመለስም» ይላል። በአክብሮት ልጠይቃችሁና፣ የቅምሻ ቡድናችን ቢራ አልቀረበልንም ያለው መቼ ነው? አልቀረበም ያልነው አራተኛው ጠርሙስ፣ በርሜል ያልገባው ዋናው ቦክ ነው። ስለ እሱ ግን ከቢሮ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ አዘጋጁ እያላችሁ ከማመላለስ በቀር አንድም ቀን መልስ አልሰጣችሁንም።

ቦታውን ከመያዛችን በፊት ለቢሮ ሠራተኛችሁ በስልክ ያቀረብኩት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ በርሜል ያልገባው ዋናው ቦክ አብሮ ይቀርባል ወይ? «እንዴታ! ያለ እሱማ ምኑ ቅምሻ ሆነ» አለችኝ። ትክክል ነበረች። በዚያው ዕለት የላከችው ኢሜይል እንዲህ ይላል፦ «አራት ጠርሙስ፤ ሦስቱ ከአንድ ጥምቂያ ወጥተው በቡርቦን፣ በሩምና በኮኛክ በርሜል የቆዩ፣ አንዱ በርሜል ያላየ። 12 ዲግሪ ላይ፣ አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ ይቀርባል።» የከፈልነው ለዚህ ነው።

በምሽቱ አስተናጋጃችሁ በዋናው ቦክ ምትክ ያመጣው ፒልስነር ነው። ለምን ስንለው «ቦኩ አልቆብናል፣ ይሄም የጀርመን ቢራ ነው፤ ምን ልዩነት አለው?» አለ። ልዩነቱን በቦታው ላስረዳው ስሞክር ስላቋረጠኝ እዚህ እጽፈዋለሁ። በጀርመን ቦክ ለመባል ከመፍላቱ በፊት ያለው የቢራው ጭማቂ ቢያንስ 16 በመቶ፣ ለዶፔልቦክ (ከቦክ ለሚጠነክረው) ደግሞ 18 በመቶ ከብቅልና ከሆፕስ (እንደ ጌሾ መራራነት ከሚሰጠው አበባ) የሟሟ ነገር ሊኖረው ይገባል። ፒልስነር 11 ወይም 12 ነው። ፒልስነር ቀጭን፣ ገርጣ ያለና በሆፕስ መራራነት የሚታወቅ ነው። ጠቆር ያለ ቦክ ደግሞ ወፍራም፣ የዳቦ ቅርፊትና የተቃጠለ ስኳር ጣዕም ያለው፣ መራራነቱ ወደ ኋላ የቀረ ነው። ፒልስነርን ከበርሜል ቦክ ጎን አስቀምጦ «አወዳድሩ» ማለት ምንም አያወዳድርም።

ዋናው ቦክ የሚፈለገው ለጌጥ አይደለም። በርሜሉ ለቢራው የሚሰጠውና ብቅሉ ራሱ የሚሰጠው ጣዕም ይደራረባሉ። የካራሜል ጣዕም ከጠቆረ ብቅልም ይመጣል፣ ከተለበለበ የኦክ እንጨትም ይመጣል። የዘቢብና የደረቀ በለስ ሽታ ከሚውኒክ ብቅል (ጠቆር ካለ የብቅል ዓይነት) ሊሆን ይችላል፣ ከሩሙም ሊሆን ይችላል። ቦክ ከታች በሚፈላ የላገር እርሾ ተጠምቆ በብርድ ስለሚቆይ እርሾው ራሱ የፍራፍሬ ሽታ ብዙ አይጨምርም፤ ስለዚህ ፍሬ ሲሸት ጥያቄው ከብቅሉ ነው ወይስ ከበርሜሉ የሚለው ብቻ ነው። መልሱን የሚሰጠው በርሜል ያላየው ጠርሙስ ነው። ጠላ የጠመቀ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ በወይራ በታጠነ ጋን የዋለው ጠላ ካልታጠነው ጎን ካልቀረበ የትኛው ጣዕም ከጢሱ፣ የትኛው ከአሻሮው እንደመጣ ማን ይለያል?

በተለይ የሩሙ ጠርሙስ ያለ ማወዳደሪያ የማይሆን ነው። ቡርቦን በአሜሪካ ሕግ አዲስ በሆነ፣ ውስጡ በተለበለበ የኦክ ዕቃ ውስጥ መቆየት ስላለበት 200 ሊትር ገደማ የሚይዘው በርሜል አንዴ ካገለገለ በኋላ ለሌላ መጠጥ ይሸጣል። ብዙ ሩም የሚቆየውም በዚያው በተሸጠ የቡርቦን በርሜል ውስጥ ነው። ስለዚህ በሩም በርሜል የቆየ ቦክም ቫኒላና ኮኮናት ይሸታል፤ ከቡርቦኑ የሚለየው ልዩነት ረቂቅ ነው። የኮኛኩ በርሜል ግን የፈረንሳይ ኦክ ነው፤ ኮኮናቱ ይቀንሳል፣ ድድ ላይ የሚይዘው የእንጨት መጨምደድ ይበረታል። ሦስቱን ከመነሻው ቢራ ጋር ደርድሮ እነዚህን አንድ በአንድ መያዝ ነበር የቅምሻው ዓላማ። ያለ አራተኛው ጠርሙስ የቀረን «ጠንካራ ነው»፣ «ጣፋጭ ነው» መባባል ብቻ ሆነ።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልምጣ። ጠርሙሶቹ የመጡት በረዶ ከሞላ ባልዲ ውስጥ ነው። ብርጭቆው ላይ ጤዛ ተንጠባጥቦ ጠረጴዛውን አርሶት ነበር። በቴርሞሜትር ስንለካው 4 ዲግሪ አለ። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁ አባላችን በትሕትና «ትንሽ ቢሞቅ አይሻልም ወይ?» ብለው ሲጠይቁ አስተናጋጃችሁ «ጋሼ፣ ቢራ እኮ ነው! ቀዝቀዝ ካላለ ማን ይጠጣዋል? ዝም ብለው ይጠጡት» አላቸው። ወደ እኔ ዞሮም «እህቴ፣ ልንዝናና ነው የመጣነው፤ ፈተና አታድርጊው» አለ። የማያውቃትን ደንበኛ አንቺ ማለቱን ልተወው። አንድ ትልቅ ሰው በከፈሉበት ጠረጴዛ «ዝም ብለው ይጠጡት» መባላቸውን ግን አልተወውም።

የተጠየቀው ነገር ደግሞ ትክክለኛ ነበር። 4 ዲግሪ ላይ ቫኒላው፣ ፍሬውና ካራሜሉ ከብርጭቆው አይነሱም፤ ጣፋጩ ይታፈናል፣ የእንጨቱ መጨምደድና መራራው ግን ጎልቶ ይወጣል። በበርሜል የቆየ ቦክ ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ድረስ ቢቀርብ ነው የሚከፈተው። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ገደማ ይቁም፤ ጊዜ ካጠረ 20 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ማቆም ነገሩን ያፋጥነዋል። ከተቀዳም በኋላ ብርጭቆውን በሁለት እጅ ማቀፍ ይረዳል። ይህን ስንል የተሰጠን መልስ «አዳራሹ የተያዘው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው» የሚል ነበር። 12 ዲግሪ ብላችሁ የጻፋችሁት እናንተው ናችሁ።

ብርጭቆውም ቃል የተገባልን አልነበረም። ሰፊ አፍ ያለው የግማሽ ሊትር ጃግ ነው የመጣው፤ ሽታውን ከመሰብሰብ ይልቅ ይበትነዋል። ሁለቱ ጃጎች ደግሞ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይሸቱ ነበር። ሳሙና አረፋውን ስለሚገድል አንዱ አባላችን ቢራው አረፋ የለውም ብሎ ደመደመ፤ ጃጉ በሙቅ ውሃ ብቻ ሲታጠብ አረፋው መጣ። እርግጥ ነው፣ በበርሜል የቆየ ቦክ አልኮሉ ከፍ ያለ፣ ጋዙም አነስ ያለ ስለሆነ አረፋው ቶሎ ይከስማል፤ ይህ ጉድለት አይደለም። ጉድለቱ የት እንዳለ ማሳየት የአስተናጋጃችሁ ሥራ ነበር።

አቀዳዱም የሚያሳስብ ነበር። ለእያንዳንዱ ቅምሻ 100 ሚሊ ሊትር በቂ ነው። 9 በመቶ አልኮል ካለው ቢራ አራት ጊዜ 100 ሚሊ ሊትር ሲቀዳ ወደ 28 ግራም ንጹሕ አልኮል ይሆናል፤ 5 በመቶ የሆነ ግማሽ ሊትር ቢራ ግን 20 ግራም ነው። አስተናጋጃችሁ ጃጉን እስከ ግማሽ ይሞላ ነበር፤ በጀርመን ለአሽከርካሪ የተፈቀደው የደም አልኮል ከ0.5 ፕሮሚል (ከሺህ 0.5 እጅ) በታች መሆኑን የሚያነሳ ሰውም አልነበረም። በአንድ ትንፋሽ ቀድቶ አተላውንም አብሮ አወረደው። በጠርሙስ የፈላ ቢራ ከቀኑ በፊት ቀጥ ብሎ መቆም፣ ሲቀዳም የመጨረሻዋ ጣት ስፋት ጠርሙሱ ውስጥ መቅረት አለባት።

ከዚያ የሩሙ ጠርሙስ። ሲከፈት ኮምጣጤ ሸተተ፤ ከሥሩም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ሽታ ነበረው። አስተናጋጃችሁ «በርሜል እንዲህ ነው፣ ያኮመጥጠዋል» ብሎ አለፈው። ይህ ስሕተት ነው። አረቄው ገና የወጣለት በርሜል እንጨቱ ውስጥ በቀረው አልኮል ምክንያት ተሐዋስያን ብዙም አያስገባም። ባዶውን ቆይቶ ከደረቀ ግን ጣውላው ይሸበሸባል፣ አየር ይገባል፣ የኮምጣጤ ባክቴሪያም ሥራ ይጀምራል። ሆን ተብሎ የኮመጠጠ ቢራ አለ፤ ቦክ ግን ከዚያ ወገን አይደለም፣ የጠርሙሱም ጽሑፍ ስለ መኮምጠጥ የሚለው ነገር አልነበረም። የተበላሸ ጠርሙስ ነበር፤ መቀየር ነበረበት። ትንሽ የሼሪ (የስፔን ወይን ጠጅ) ወይም የማር ጣዕም ቢኖረው እድሜው ነው ብለን እናልፈው ነበር። እርጥብ ካርቶን ቢሸት እንኳ በአየር ተበላሸ ብለን እንረዳ ነበር። ይህ ግን ከሁለቱም አይደለም።

በዚያው ጠርሙስ ላይ የሱቃችሁ የዋጋ ወረቀት የተለጠፈው በትክክል የመጠቀሚያ ቀኑ ላይ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቀን ሳይጻፍባቸው የሚሸጡት 10 በመቶና ከዚያ በላይ አልኮል ያላቸው መጠጦች ናቸው፤ ይህ ቢራ 9 በመቶ ስለሆነ ቀኑ መታየት አለበት። ወረቀቱን ስንልጠው ቀኑም አብሮ ተቀደደ። ጠርሙሶቹ በሱቃችሁ መስኮት ፀሐይ ላይ ተደርድረው እንደሚሸጡ አይተናል፤ ብርሃን ሆፕሱን ያበላሻል፣ ሙቀትም ቢራውን ያስረጃል። ይህን ቀደም ሲል በኢሜይል አሳውቀናችኋል፤ መልስ አላገኘንም።

ለተሳታፊዎች የታደለው ወረቀታችሁም መታረም አለበት። «ቦክ የባየርን መነኮሳት ፈጠራ ነው» ይላል። ቦክ የመጣው በሰሜን ጀርመን ካለችው ከኒደርዛክሰኗ አይንቤክ ከተማ ነው፤ የባየርን ዋና ከተማ ሚውኒክ የወሰደችውና በራሷ መንገድ የሠራችው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። መነኮሳቱ የሚነሱት ከዶፔልቦክ ጋር ነው። በተጨማሪ «ዊስኪ ተጨምሮበታል» ይላል። ቢራው አልኮሉ ከፍ የሚለው ጣውላው የመጠጠውን አረቄ ስለሚመልስ ነው፤ ተጨመረበት ብሎ መጻፍ ቢራ ጠማቂውን መበደል ነው።

ይህ ሁሉ ተጽፎላችሁ የሰጣችሁን መልስ የ10 በመቶ ቅናሽ ኩፖን ነበር። ኩፖኑን አንፈልግም ስንል «ቀኑ የተቆረጠ የመዝናኛ አገልግሎት ስለሆነ በ14 ቀን ውስጥ የመሰረዝ መብት የላችሁም» አላችሁን። ስለ መሰረዝ የጠየቀ የለም፤ ሕጉንም እናውቀዋለን። እኛ ያልነው በጽሑፍ የተስማማንበት አገልግሎት አልተሰጠም ነው። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

መጀመሪያ ላይ የጠየቅነው የአራተኛው ጠርሙስ ዋጋ ብቻ እንዲመለስ ነበር። አሁን ግን የምሽቱ ሙሉ ክፍያ እንዲመለስልን እንጠይቃለን፤ ምክንያቱም ያለ ዋናው ቦክ፣ በዚያ ሙቀትና በዚያ ጃግ የተደረገው ቅምሻ አልነበረም። ከዚህም ጋር ከሦስቱ ጋር የአንድ ጥምቂያ የሆነ፣ በርሜል ያልገባ ቦክ ጠርሙስ ከተጻፈ ቀኑ ጋር ይላክልን፤ አለቀ ከሆነ አለቀ ብላችሁ በጽሑፍ አሳውቁን። ለትልቁ አባላችን የይቅርታ ደብዳቤ በስማቸው፣ በአስተናጋጁ ፊርማ እንጠብቃለን። ለሚመጣው ዙር የምታድሉት ወረቀትም ከላይ ባነሳኋቸው ነጥቦች ይታረም።

ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ስም ካለው ኃላፊ የጽሑፍ መልስ ካልደረሰን ጉዳዩን ለሄሰን (ፍራንክፈርት ያለችበት ክፍለ ሀገር) የሸማቾች ማማከሪያ ማዕከል እናቀርባለን። የተሸፈነውን የመጠቀሚያ ቀን በሚመለከት ደግሞ ፎቶውንና የተላጠውን የዋጋ ወረቀት ለከተማው የምግብ ቁጥጥር ክፍል እንልካለን። የሩሙ ጠርሙስ ቀሪ ቢራ ተከድኖ በፍሪጅ ተቀምጧል፤ የሚመረምር ሰው ከላካችሁ እናሳያለን።

ከሰላምታ ጋር
የቅምሻ ቡድኑ አስተባባሪ

አባሪ፦ ደረሰኝ፣ ቃል የተገባበት ኢሜይል፣ የቴርሞሜትሩና የጠርሙሱ ፎቶ