ለሰብሊ፣ ስለ ቬኒስ ልጆች

ውድ ሰብሊ፣

እንዴት ከረምሽ? እማማስ ደህና ናቸው? ከተጻጻፍን ቆየን። ዛሬ ግን ላንቺ ሳልጽፍ መተኛት አልሆነልኝም።

ትናንት ማታ እዚህ ሚላን፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ የሴት ልጆች ኳየር የጣሊያናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የቪቫልዲን «ግሎሪያ» የተባለ መዝሙር ሲዘምር ሰማሁ። አንድም ወንድ የለበትም። መጀመሪያ ቫዮሊኖቹ ላይ ታች እየዘለሉ ገቡ። ከዚያ ልጆቹ «ግሎሪያ» ብለው ሲነሱ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ልቤን የወሰደው ግን ሁለተኛው ክፍል ነው፤ «ሰላምም በምድር» የሚለው። ዝግ ያለ ነው፣ ያሳዝናል። ድምፆቹ እየተከታተሉ ይገባሉ። ከኋላ ረድፍ መነጽር ያደረገች አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች። አገጯን ሰብሰብ አድርጋ ያንን ወፍራም ድምፅ ስታወጣው፣ ሌሎቹ በሙሉ በሷ ላይ የቆሙ ይመስላሉ።

ቪቫልዲ ቄስ እንደነበር ታውቂያለሽ? በ1703 (እ.ኤ.አ.) ቬኒስ ውስጥ ፒዬታ በሚባል የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ቫዮሊን ማስተማር ጀመረ። አንዳንድ እናት ልጇን ትታ ስትሄድ ግማሽ ሜዳሊያ ታስቀምጥ ነበር፤ ምናልባት አንድ ቀን በሌላው ግማሽ ብታውቃት ብላ። ተሰጥኦ ያላቸው ሴት ልጆች ሙዚቃ ተማሩ። በፍርግርግ ተከልለው ሲዘምሩ፣ እነሱን ለመስማት ከመላው አውሮፓ ሰው ይመጣ ነበር። የአባት ስም የላቸውም፤ መጠሪያቸው ሙያቸው ነው። «የቫዮሊኗ አና ማሪያ» እንደተባለችው ሁሉ፣ «የቴነሯ» እና «የባሷ» የተባሉም ነበሩ። ቴነርና ባስ የወንድ የሚባሉ ወፍራም ድምፆች ናቸው። አዎ፣ ሴት ባስ! «ግሎሪያ» ራሱ ቪቫልዲ ከሞተ በኋላ ተረስቶ ኖሮ፣ እንደገና የተዘመረው በ1939 ነው።

ሰብሊዬ፣ ያን ጊዜ «ድምፅሽ የወንድ ይመስላል» ብለው ከኳየር ሲያስቀሩሽ፣ መንገዱን ሙሉ ዝም እንዳልሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ዕቃ ስታጥቢ እንኳ ስትዘምሪ ሰምቼሽ አላውቅም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያ ድምፅ ቦታው አልታወቀለትም እንጂ ምንም አልጎደለውም። እዚያ ቤት ቢሆን መጠሪያሽ ይሆን ነበር።

ሴቶች ብቻ የዘመሩትን ቅጂ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። በጆሮ ማዳመጫ ስሚው፤ የስልኩ ስፒከር የታችኛውን ድምፅ ይበላዋል። ሁለተኛው ክፍል ላይ ባሱን ተከትለሽ አብረሽ ዘምሪና ቀድተሽ ላኪልኝ። እጠብቃለሁ።

ያንቺው ማርቲ