ከተሕዋስያኑ በፊት ጋኑ ይታሰብ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

በረጅም የጠፈር ጉዞ ላይ ቫይታሚንና መድኃኒት በረቂቅ ተሕዋስያን ስለማምረት ያወጣችሁት ጽሑፍ የዘረመል ሥራውን በሚገባ አስረድቷል። ተሕዋስያኑ የሚያድጉበትን ጋን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል። ብዙው ችግር የሚነሳው እዚያ ነውና ጥቂት ልጨምር።

ምድር ላይ አየር ከጋኑ ሥር ይነፋል፤ አረፋው ሽቅብ ሲወጣ ኦክስጅኑ ውሃው ውስጥ ይሟሟል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ተጠርጎ ይወጣል። በጠፈር መንኮራኩር ውስጥ ግን ሁሉም ነገር ክብደት አልባ ስለሚሆን አረፋ ሽቅብ የሚወጣበት አቅጣጫ የለም። ባለበት ቆሞ ከሌላው ጋር እየተጋጠመ ያብጣል። 30 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ውሃ ከአየር ወስዶ የሚይዘው ኦክስጅን በሊትር 7.5 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ በብዛት ያደገ እርሾ ይህን ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ኦክስጅን ያጣ እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል፤ የተፈለገው ምርት ይቀራል። አረፋው ፓምፑ ውስጥ ከገባ ፈሳሹ መዞሩን ያቆማል፤ የአሲድነት መለኪያው ላይ ከተለጠፈ ደግሞ ቁጥሩ ይዛባል።

የሚያዋጣው ጋዝ እያሳለፈ ፈሳሽ የሚያግድ ቀጭን የሲሊኮን ቱቦ ጋኑ ውስጥ ዘርግቶ ኦክስጅኑን በዚያ ማስተላለፍ ነው። እሱም ጣጣ አለው፦ ተሕዋስያኑ ቱቦው ላይ ተጣብቀው ሽፋን ይሠራሉ፤ ጋዙ ማለፍ ያቅተዋል። ስለዚህ ቱቦው ተነቅሎ የሚቀየር ይሁን። አንድ ትልቅ ጋንም አይሁን፤ አራት ትናንሽ ጋኖች ቢኖሩ አንዱ በባዕድ ተሕዋስያን ሲበከል ሦስቱ ይተርፋሉ።

ምን እንደሚመረትም ይታሰብ። አንድ ኪሎ ደረቅ እርሾ ለማግኘት ሁለት ኪሎ ያህል ስኳር ይፈጃል። ለሆድ መሙያ ከሆነ ስኳሩን ራሱን መብላት ይሻላል! በሚሊግራም ለሚፈለግና መደርደሪያ ላይ ለሚበላሽ ቫይታሚን ግን ሒሳቡ ያዋጣል። ለዋና ምግብ መነሻው ተጓዦቹ የሚተነፍሱት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢሆን ነው የሚበጀው፤ አንድ ሰው በቀን አንድ ኪሎ ያህል ያወጣልና።

ናሳ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በላከው ባዮኒውትሪየንትስ በተባለ ሙከራ ትንሹን መንገድ መርጧል፦ ደረቅ እርሾና ምግቡ በታሸገ ዕቃ ይቀመጣሉ፤ ንጹሕ ውሃ ይጨመርባቸዋል፤ ለ48 ሰዓት ሞቆ ከቆየ በኋላ ለምርመራ ይቀዘቅዛል። ፓምፕ የለውም፤ የሚዘጋ ቱቦም የለውም። የማርስ ጉዞ ደርሶ መልስ ሦስት ዓመት ገደማ ስለሚፈጅ፣ ያ ደረቅ እርሾ ከዓመታት በኋላ ውሃ ሲነካው መንቃቱ ከምርቱ መጠን በፊት መፈተን ያለበት ጉዳይ ነው።

አንድ የባዮፕሮሰስ መሐንዲስ