ሽቶው ሳይሆን ቆዳችን ነው የሚለያየው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ለጥምቀት ሰሞን ታናሽ እህቴ የተቀባችውን ሽቶ ወደድኩትና እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ ያንኑ ገዛሁ። እሷ ላይ ብርቱካን ብርቱካን እያለ ያውዳል። እኔ ላይ ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ የልብስ ሳሙና ሆኖ አረፈው። ተናድጄ ተመለስኩና ሰው ፊት «ፎርጅድ ነው የሸጥክልኝ» አልኩት። ልጁ ደንግጦ ዝም አለ። ማታ የእህቴን በግራ እጄ አንጓ፣ የራሴን በቀኙ ቀባሁ፤ ሁለቱም ያው ሳሙና! የእኔን ጠርሙስ እሷ ስትቀባው ደግሞ ያው ብርቱካን። በማግስቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ሽቶ አንድ ሽታ አይደለም፤ አልኮል ውስጥ የተሟሟ የብዙ መዓዛ ድብልቅ ነው። እንደ ሎሚና ብርቱካን ያሉት ቀላሎቹ ቶሎ ይተናሉ፣ እነ ሰንደል፣ እነ ቫኒላ፣ ያ ሳሙና ሳሙና የሚለው ምስክም ጭምር፣ ለሰዓታት ይቆያሉ። የእህቴ ቆዳ ወዛም ነው፣ ሽቶውን ይዞ ያቆየዋል። የእኔ ደረቅ ነው፤ በዚያ ላይ ጎንደር በበጋ አየሩ ከንፈር ይሰነጥቃል። የሰውነት ሙቀት፣ ላብ፣ ቆዳችን ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችም የየራሳቸውን ይጨምሩበታል። አፍንጫም እንደዚሁ ነው። ወደ 400 የሚጠጉ የሽታ ተቀባይ ዓይነቶች አሉን፣ ግን የሁላችንም አንድ አይደለም፤ አንዳንድ ሰው አንዳንዱን ምስክ ጭራሽ አይሸተውም።

መጠኑም ለውጥ አለው። ከአገራችን በቀንድ ታሽጎ ለዘመናት ወደ ውጭ ሲላክ የኖረውን የጥርኝ ዝባድ አስቡት። እንዳለ ሲያሸቱት አፍንጫ ያስይዛል፤ በጣም ሲቀጥን ግን ሽቶ ሠሪዎች የሚፈልጉት መዓዛ ይሆናል። ለዚህ ነው ሽቶ ደፍቶ ባጃጅ የሚገባ ሰው የሚያስነጥሰን፤ የእሱ አፍንጫ ለምዶታል፣ አይታወቀውም።

ባለሱቆች፣ እባካችሁ ክዳኑን ብቻ አታሽትቱን። እጃችን ላይ አንዴ ንፉልንና ዞር ብለን እንመለስ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት። ገዢዎችም ቆዳችሁ ደረቅ ከሆነ መጀመሪያ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ትንሽ ቀባ አድርጉበት፣ ይቆይላችኋል። እኔ አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው። ያንን ጠርሙስ ግን እህቴ ወስዳዋለች።

ከጎንደር አንባቢያችሁ