አባባ፣ ፎርሙን ገና አልሞላሁትም

የካቲት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልኩ ሲገባም ይቆራረጣል። ይሄ ደግሞ እየተቆራረጠ የሚነገር ነገር አይደለም። ስለዚህ ወደ መሐል ሜዳ ለሚመጣ ልጅ ደብዳቤውን ሰጥቼዋለሁ። እባክዎ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት። ለእማዬ እኔው እነግራታለሁ።

ለገና ስመጣ አውድማው ላይ "ትምህርት እንዴት ነው?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር። "ደህና ነው" አልኩዎት። ደህና አይደለም አባባ። ያን ቀን መንሹን ይዤ ፊቴን ወደ ገለባው ያዞርኩት ዓይንዎን ማየት ስላቃተኝ ነው። መዋሸቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ትምህርቱ ከበደኝ ብል ውሸት ነው። ይገባኛል። የጠፋው ፍላጎቱ ነው። ጧት የዶርም ልጆች ተጣጥበው ይወጣሉ። እኔ የሰጡኝን ባና ተከናንቤ እተኛለሁ። እማዬ የፈተለችውን፣ እርስዎ የሸመኑትን። እዚህ አገሩ ሙቀት ስለሆነ ባና የሚለብስ ሰው የለም። እኔ ግን ራሴን ሸፍኜ፣ የበጉን ጠጉር እያሸተትኩ ስድስት ሰዓት ይሆናል። ካፌ ሄጄ ምሳ በልቼ እመለሳለሁ። እንደገና እተኛለሁ። ኅዳር ላይ የሚድ ፈተና ቀን ስሜንና መታወቂያ ቁጥሬን ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ግማሾቹን ጥያቄዎች አውቃቸዋለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ ባዶ ወረቀት አስረከብኩ።

የመጀመሪያው ዓመት ውጤቴ 3.4 ነበር። አሁን 2.3 ደርሷል። ከ2 ከወረደ ዋርኒንግ ይመጣል፤ ካልተስተካከለ ያባርራሉ።

ስንፍና ነው ብዬ ራሴን ብዙ ተሳድቤያለሁ። ግን ሰነፍ ሰው መተኛት ደስ ይለዋል። እኔ ተኝቼም ደስ አይለኝም። ግቢ ውስጥ ተማሪዎችን የምታማክር ሴት አለች፤ ሁለቴ ሄጄ አነጋግሬያታለሁ። ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ምግቤ፣ ስለ ቤተሰቤ ጠየቀችኝ። "አባትህ ያውቃሉ?" ስትለኝ ዝም አልኩ። ይሄን ደብዳቤ መጻፍ ያሰብኩት ያኔ ነው።

ዝም ያልኩበትን ምክንያት እርስዎም ያውቁታል። 12ኛ ክፍልን የተፈተንነው ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠበት ዓመት ነው። ከግማሽ በላይ ያመጣው በአገሪቱ ከ100 ተፈታኝ ከ4 አይሞላም ነበር። እኔ ከእነሱ አንዱ ሆንኩ። በግ አረዱልኝ። ጎረቤቱ ሁሉ "እንኳን ደስ ያለዎት" እያለ ሲገባ እርስዎ በር ላይ ቆመው ነበር። አሁን ለዚያ ሰው ሁሉ ምን ሊባል ነው? እያልኩ ሌሊት አድራለሁ።

በዚህ ሁኔታ እየተንጠለጠልኩ ልጨርስ ብልም አይሆንም። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። 50 ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። በተኛሁባቸው ኮርሶች ልፈተን ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ዊዝድሮዋል ልሙላ ብዬ አስቤያለሁ። ለአንድ ዓመት በወግ አሳውቆ መውጣት ማለት ነው። ፎርሙን ከሬጅስትራር ወስጃለሁ። ዲፓርትመንት ይፈርምበታል፣ የዶርምና የቤተ መጻሕፍት ዕዳ እንደሌለብኝ ክሊራንስ አዞራለሁ፣ በዓመቱ ሪአድሚሽን ጠይቄ እመለሳለሁ። ዶርማችን ውስጥ ሳይሞላ ሻንጣውን ይዞ የጠፋ ልጅ ነበር። ሲመለስ የዚያ ሴሚስተር ኮርሶቹ ሁሉ ኤፍ ሆነው ጠበቁት። ሌላው ደግሞ ሞልቶ ወጣ፤ ዓመት ሠርቶ ተመለሰ፤ ዘንድሮ ይመረቃል። እኔ እንደ ሁለተኛው ልሁን ነው የምለው።

አሁን የሚያስቡትን አውቃለሁ። ደብተርዎን እያሰቡ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ፣ ከመሬት ደብተሩ ስር ያስቀመጡትን የ7ኛ ክፍል ደብተር ማለቴ ነው። ልጅ ሆኜ አውጥተው አሳይተውኝ ነበር። በ1977ቱ ድርቅ በሬዎቹ ሲያልቁ አያቴ "ይህቺ በልግ ትለፍና ትመለሳለህ" እንዳሉዎት ነግረውኛል። አንድ በልግ ብቻ። ይኸው 40 ዓመት ሆነ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ክፍልፋይ ጀምረው፣ ሁለት መስመር ሠርተው፣ እኩል ይሆናል የሚለው ምልክት ላይ ቆመዋል። ከምልክቱ ወዲያ ባዶ ነው። ያንን ገጽ ስንት ጊዜ በሕልሜ እንዳየሁት ልነግርዎት አልችልም። እኔም የምፈራው እሱን ነው። ሞፈር ከጨበጥኩ እዚያው እቀራለሁ ብዬ እፈራለሁ።

ለዚህ ነው ቤት መጥቼ ልቀመጥ የማልለው። የበልጉን ገብስ አብረን እንዘራለን። ከዚያ ደብረ ብርሃን አክስቴ ጋ እገባለሁ። ፋብሪካዎቹ የቀን ሠራተኛ ይይዛሉ። ያገኘሁትን ለመመለሻዬ አስቀምጣለሁ። የምመለስበት ቀን ከአሁኑ በወረቀት ተጽፎ፣ አንዱ ቅጂ እርስዎ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ያኔ እርስዎ የሚመልስዎት ወረቀት አልነበረዎትም። ትምህርት ቤቱም "የት ቀረህ?" አላለዎትም። እኔን ግን እርስዎ "የት ቀረህ?" ይሉኛል።

እርግጠኛ ነኝ አልልም። ሰው ሁሉ ወደፊት ሲሄድ እኔ ዓመት ስቆም የባሰ ቢጨልምብኝስ? እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከእርስዎ ጋር ሁለት ሳምንት ብቻ ብውል የሚለቀኝ ይመስለኛል። ፎርሙን እስካሁን ያልሞላሁትም እርስዎ ሳያውቁ መሙላት ስላልፈለግሁ ነው።

"ቻለውና ጨርስ" ካሉኝ እሞክራለሁ። ከአፌ ብቻ አይደለም፣ ነገ ጧት ተነስቼ ክፍል እገባለሁ። "ና" ካሉኝም እመጣለሁ። ሰው ምን ይላል ብለው ግን እንዳይወስኑልኝ፣ ይሄን ብቻ እለምንዎታለሁ።

የመሙያው ቀን መጋቢት አጋማሽ ላይ ያልፋል። ደብዳቤውን ያመጣልዎት ልጅ ቅዳሜ ይመለሳል። መልስዎን በእሱ ይላኩልኝ፤ አጭር ቢሆንም ግድ የለም። ዝናቡ ጥሎ እንደሆነም ይጻፉልኝ። ካልጣለ ዘሩን ለጥቂት ቀን ያቆዩት።

ልጅዎ