ጭሱና መሬቱ፦ የአካባቢ ሳይንስ ክበብ የዘንድሮ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የከረመው። አየሩን የሚያቆሽሸውና ምድርን የሚያሞቀው ነገር የት ላይ ይገናኛል? በመማሪያ መጽሐፍ የአየር ብክለት አንድ ምዕራፍ ነው፣ የአየር ንብረት ለውጥ ሌላ። የመሬት አጠቃቀም ጭራሽ ሌላ ትምህርት ውስጥ ነው ያለው። ልጆቹ ሦስቱን ለየብቻ ስለሚያጠኑ የማይገናኙ ይመስላቸዋል። ሥራችንን የጀመርነው ይህን ለማስተካከል ነው።

መጀመሪያ የያዝነው ብናኙን ነው። ተማሪዎቹ ነጭ ካርቶን ላይ ቫዝሊን ቀብተው ሰቀሉ። አንዱን መኪና በሚቆምበት በር አጠገብ፣ ሌላውን ከዛፎቹ ጀርባ። አውርደው በአጉሊ መነጽር ሲያዩት የበሩ ካርቶን በጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ተሞልቷል። የዛፎቹ ላይ የሚበዛው አፈርና የአበባ ብናኝ ነው። ዋናው ጉዳት ግን በዚህ መነጽር ከማይታየው ነው የሚመጣው። ፒኤም 2.5 የሚባለው ብናኝ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር አይበልጥም። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ ወደ ደምም ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ለዚህ ብናኝ ያስቀመጠውን ዓመታዊ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም ዝቅ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚህ ብናኝ አንዱ የሆነው ጥላሸት የፀሐይን ሙቀት ስለሚውጥ አየሩን ያሞቃል። በረዶ ላይ ሲያርፍ ደግሞ በረዶው ቶሎ እንዲቀልጥ ያደርጋል። አየር ላይ የሚቆየው ግን ለቀናት፣ ቢበዛ ለጥቂት ሳምንታት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለዘመናት ይቆያል። ጥላሸትን ብንቀንስ ውጤቱን ቶሎ እናያለን ማለት ነው።

አንዲት ተማሪ «ጭስ ሁሉ ያሞቃል?» ብላ ጠየቀች። አያሞቅም። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከሚባለው ጋዝ የሚፈጠሩት ብናኞች የፀሐይን ብርሃን ወደ ህዋ ይመልሳሉ። በ1991 ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ይህ ጋዝ በብዛት ወጥቶ የዓለም ሙቀት ለጊዜው በግማሽ ዲግሪ ገደማ ቀንሷል። ያን ጊዜ ክርክሩ ጦፈ። ታዲያ የሰልፈሩን ጭስ መቀነሱን ለምን አንተወውም? መልሱን ያገኙት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው። ከፋብሪካና ከመኪና የሚወጣው ሰልፈር ሳንባ ያሳምማል፣ የአሲድ ዝናብም ያመጣል። ከዚያ በቀናት ውስጥ ይረግፋል፣ አብሮት የወጣው ካርቦን ግን እዚያው አለ። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ውይይት ይህ ነበር።

ከዚያ ወደ መሬቱ ወረድን። በተመሳሳይ ሰዓት አስፋልቱን፣ ሣሩንና የዛፍ ጥላውን በቴርሞሜትር ለካን። አስፋልቱ ከሁሉም በግልጽ ይሞቃል። ዛፍ የሚያቀዘቅዘው በጥላው ብቻ አይደለም፤ በቅጠሉ የሚያስወጣው ውኃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ዛፉ ተቆርጦ አስፋልት ሲነጠፍ ይህ ሁሉ ይቀራል።

ይህ ሙቀት ደግሞ ተመልሶ አየሩን ያበላሻል። ከመኪና የሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድና የነዳጅ ትነት በፀሐይ ብርሃን ሲዋሃዱ ኦዞን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ይፋጠናል። ላይ ሰማዩ ላይ ያለው ኦዞን ከጎጂ ጨረር ይጠብቀናል። እኛ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ግን ሳንባ ያቃጥላል፣ የሰብል ቅጠልም ይጎዳል። የተጎዳ ቅጠል ደግሞ የሚስበው ካርቦን ያንሳል። ልጆቹን በጣም የገረማቸው፣ ባሕር ዛፍን የመሳሰሉ አንዳንድ ዛፎች አይሶፕሪን የሚባል ጋዝ በብዛት ማውጣታቸው ነው። የመኪና ጭስ ባለበት ይህ ጋዝም ኦዞን ያበዛል። ስለዚህ መንገድ ዳር የሚተከለው ዛፍ ዓይነቱ መመረጥ አለበት። ዛፍ መትከልን የሚቃወም ክርክር ግን አይደለም፤ ይህን ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓነል በ2019 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ ሰው ከሚያመነጨው የሙቀት አማቂ ጋዝ 23 በመቶ ገደማው የሚመጣው ከእርሻ፣ ከደን መጨፍጨፍና ከሌላ የመሬት አጠቃቀም ነው።

ክበቡ በዓመቱ መጨረሻ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር ሁለት ሐሳብ በጽሑፍ አቅርቧል። አንደኛው፣ ተማሪ ለመውሰድ በር ላይ የሚቆሙ መኪኖች ሞተር አጥፍተው እንዲጠብቁ ነው። ይህ ተፈቅዷል፤ ምልክቱን የሳሉት ተማሪዎቹ ናቸው። ሁለተኛው በአስፋልቱ ዳር አይሶፕሪን የማያበዙ ዛፎች እንዲተከሉ ይጠይቃል፣ እሱ ገና በውይይት ላይ ነው። የሙቀት መዝገቡ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። የሚቀጥለው ዓመት አባላት ካርቶኖቹን እዚያው በር ላይ ሰቅለው ጥቁሩ ነጠብጣብ መቀነስ አለመቀነሱን ያያሉ።