የአድሚን ኢሜይል ስልክ ላይ አልገባ ሲል ኔትወርኩን አንውቀስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ደሴና ኮምቦልቻ ባሉ መሥሪያ ቤቶች በኮምፒዩተር ባለሙያነት ስሠራ ደጋግሞ የገጠመኝን፣ ብዙ ጊዜም መፍትሔው ባልሆነ ቦታ ሲፈለግ ያየሁትን አንድ ችግር ለአንባቢያን ለማስረዳት ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሠራተኛው ሁሉ የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል በስልኩ ሲያነብ፣ የአድሚን (የሲስተም አስተዳዳሪ) ሥልጣን የተሰጠው አካውንት ብቻ ስልክ ላይ አልገባ ይላል። ጥፋቱም ወዲያው በኔትወርኩ ይላከካል (ኔትወርካችን መወቀስ ስለለመደ አይከፋውም)።

አንድ የሥራ ኃላፊ በዚሁ ምክንያት ስልካቸውን ይዘው ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ድረስ ወደ ስልክ ጠጋኝ ሄደው ነበር። ጠጋኙ ስልኩን ሪሴት አደረገው፤ የልጃቸው የምርቃት ፎቶ ጠፋ፤ ኢሜይሉ ግን እንደተዘጋ ቀረ። እኔ ዘንድ ሲመጡ በመጀመሪያ ያደረግሁት በዚያው ስልክ ላይ የራሴን ተራ አካውንት መሙላት ነበር፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መልእክቶቹ ተግተልትለው ገቡ። የእርሳቸው አካውንትም በኮምፒዩተር ብራውዘር ሲሞከር ያለ ችግር ተከፈተ። ስለዚህ ስልኩም፣ ሲም ካርዱም፣ የይለፍ ቃሉም ከጥርጣሬ ወጡ።

መሥሪያ ቤቱ ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም በራሱ ሰርቨር ላይ ጭኖ ይጠቀማል። በዚህ አሠራር አንድ ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኝ ኤክስቼንጅ የተጠቃሚዎች አካውንትና ፈቃድ በሚያዝበት በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ፣ በተጠቃሚው አካውንት ሥር፣ ለስልኩ መዝገብ መክፈት ይኖርበታል፤ ይህን ለማድረግ የሚያስችለው ፈቃድም አካውንቱ ካለበት የበላይ ክፍል የሚወረስ ነው። ይሁን እንጂ ዶሜን አድሚንስን (የኔትወርኩን ዋና አስተዳዳሪዎች ቡድን) በመሰሉ ጥበቃ በሚደረግላቸው ቡድኖች ውስጥ ያለ አካውንት ፈቃድ እንዳይወርስ ዊንዶውስ ሆን ብሎ ይዘጋዋል፤ አድሚንኤስዲሆልደር ከሚባለው የፈቃድ ናሙና ጋር እያመሳሰለም በየ60 ደቂቃው መልሶ ያጠብቀዋል። ያን ዕለት የሰርቨሩን የክስተት መዝገብ ስከፍት ቁጥር 1053 ተደርድሮ አገኘሁ፤ ትርጉሙም ኢሜይልን ከስልክ ጋር የሚያገናኘው አክቲቭሲንክ የስልኩን መዝገብ ለመክፈት በቂ ፈቃድ አጣ ማለት ነው።

ብዙ ባልደረቦቼ በአካውንቱ የሴኪዩሪቲ ገጽ ላይ ውርሱን መልሰው ይከፍቱና ችግሩ ተፈታ ይላሉ። ስልኩ 60 ደቂቃው ሳያልፍ ከተገናኘ መዝገቡ ስለሚፈጠር በርግጥ ይሠራል፤ አዲስ ስልክ ሲገዛ ግን ችግሩ ሊመለስ ይችላል። አንዳንዶችም የአድሚንኤስዲሆልደርን ፈቃድ ራሱን ይለውጣሉ፤ ይህ ለአንድ ሰው ስልክ ሲባል የአድሚኖችን ሁሉ ጥበቃ ማላላት ስለሆነ አጥብቄ እቃወመዋለሁ።

በእኔ አመለካከት ጥያቄው ኃላፊው አድሚን የሆኑት ለምን ነበር የሚለው ነው። ሰርቨር ነክተው አያውቁም፤ ሥልጣኑ የተሰጣቸው ለማዕረጋቸው ክብር ሲባል ብቻ ነው። መላውን ሲስተም የሚከፍት የይለፍ ቃል የተሞላበት ስልክ በደሴና ኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ ቢወድቅ የሚደርሰውን ጉዳት መገመት አያዳግትም። ሰርቨር የምንነካ ባለሙያዎችም ብንሆን ለኢሜይል ተራ አካውንት፣ ለሰርቨሩ ሥራ ደግሞ ስልክ ላይ የማይገባ ሌላ አካውንት ሊኖረን ይገባል።

ኃላፊውን ከቡድኑ ማስወጣት ብቻውን አልበቃም፤ አካውንቱ ጥበቃ የሚደረግለት መሆኑን የሚያሳየው አድሚንካውንት የሚባለው ምልክት 1 እንደሆነ፣ ውርሱም እንደተዘጋ ይቀራልና ሁለቱንም በእጄ አስተካከልሁ። ኢሜይላቸው በዚያው ቀን ስልካቸው ላይ ገባ። ሥልጣኔን ነጠቅኸኝ ብለው ግን ሳምንት ያህል አኩርፈውኝ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒዩተር ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ