ቁልፉን ገና አትስጪ

ልጄ፣

አክስትሽ ትናንት ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። አስታማሚ እንዳገኘሽልኝ፣ ሰኞ እንደምትጀምር፣ ቁልፍም እንዳስቀረጽሽላት ነገረችኝ። «ፊቷ ደስ ይላል፣ ትሁት ናት» ብለሻል አሉ። ይሁን። ሰኞ ግን ይቅር። እዚህ ሆስፒታል አልጋ ላይ ጥቂት ቀን ብጨምር አልሞትም። የድሮ አሠሪዎቿ ጋ ሳትደውዪ ቁልፉን አትስጪ።

እንዳትቆጪኝ። እንደደከመሽ አውቃለሁ። ከሥራ ወደ ልጆችሽ፣ ከልጆችሽ ወደ እኔ። ማታ ማታ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥሽ ስታንቀላፊ አንጀቴን ትበዪዋለሽ። የደከመው ሰው ግን ነው መጀመሪያ በሩን ያንኳኳውን የሚቀጥር።

ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት አምጥታለች አሉ። ጥሩ ነው። ከመታወቂያዋ ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ ስሙን፣ ፎቶውንና የትውልድ ቀኑን አመሳክሪ። መቼ እንደተሰጠም እዪ። ያ ወረቀት የሚያውቀው ግን የሰጠው መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ሌላ አገር ኖራ ከነበረ የዚያ አገር ጉዳይ ላይታይበት ይችላል። ስም የቀየረ ሰው በስም ብቻ ሲፈለግ ሊያመልጥ ይችላል፤ በአሻራ የሚጣራው ይሻላል። ማንም ያልከሰሰው ነገር ደግሞ ከነጭራሹ አይጻፍም።

እትዬን ታውቂያቸዋለሽ፣ አንቺ ሳትወለጂ ያስታመምኳቸውን። ቀልዳቸውን ስንቴ አውርቼሻለሁ። ይሄኛውን ግን አልነገርኩሽም። ሥራ የጀመርኩ ቀን ፀጉራቸውን ላበጥር ማበጠሪያውን ሳነሳ፣ ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ ጋረዱ። ድምፅ አላወጡም። አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው ጠበቁ። ማበጠሪያውን አስቀምጬ ባዶ እጄን ጭናቸው ላይ ዘረጋሁላቸው። ቆይተው ቆይተው በአንድ ጣት ነካ አደረጉት።

ከእኔ በፊት የነበረችው ትመታቸው ነበር። ልጃቸው ያውቃል። ክንዳቸው ላይ ምልክቱን አይቶ ነው ያሰናበታት፣ በዝምታ። ፖሊስ ጋ አልሄደም። የቤቱ ገመና እንዲወጣ አልፈለገም። አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። ያችን ሴት ሊቀጥሩ ያሰቡ ሰዎች ናቸው። «እንከን አይወጣላትም» አላቸው። ስልኩን ዘግቶ ዞር ሲል እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። «የሰው እንጀራ አልዘጋም» አለኝ። ወሬያቸው አንድ ደቂቃ አልሞላም። ለምን እንደለቀቀች እንኳ አልጠየቁትም። ያች ሴት ያን ጊዜ ወረቀት ብታወጣ ንፁህ ነው የሚወጣላት። እኔም ትንፍሽ አላልኩም። ዛሬም ድረስ የትኛው ቤት ገብታ ይሆን እላለሁ።

እኔንስ ማን ናት ብሎ የጠየቀ መሰለሽ? ቁልፉን የሰጡኝ የመጀመሪያው ቀን ነው።

እና ደውዪ። ቢያንስ 2 ቤት፣ የሠራችበት ቤት፣ የጓደኛዋን ቁጥር አይደለም። ጓደኛ አሠሪ ነኝ ብሎ ሊያወራ ይችላል። ስለዚህ በዝርዝር ጠይቂ። «ጥሩ ናት ወይ?» ካልሽ «ጥሩ ናት» ይሉሻል፣ አለቀ። ከመቼ እስከ መቼ ሠራች? ታማሚው ምን ነበር ችግሩ? ገላውን ማን ነበር የሚያጥበው? አልበላም ብሎ ሲያስቸግር ምን ታደርግ ነበር? ለምን ተለያያችሁ? መጨረሻ ላይ «ዛሬ ብትመጣ መልሳችሁ ትቀጥሯታላችሁ?» በያቸው። ካመነቱ ቀድመሽ አታውሪ። አንቺ ዝምታ አትወጂም፣ አውቅሻለሁ፤ ራስሽ መልሰሽላቸው ትዘጊዋለሽ።

የምታጣሪውን ደግሞ ከጀርባዋ አታድርጊው። ለራሷ ንገሪያት፣ ፈቃዷን በጽሑፍ ተቀበዪ። በብዙ አገር ሕጉም ይጠይቃል። መሀል ላይ ሥራ የፈታችበት ጊዜ ካለ ጠይቂያት፣ ግን እንደ ሌባ አታፋጥጪያት። የራሷን እናት ስታስታምም ቆይታ ሊሆን ይችላል። እኔም እናንተን ስወልድ ስንት ዓመት ቤት ተቀምጫለሁ። የሥልጠና ሰርተፊኬቷን የሰጣት ቦታ ደውለሽ አረጋግጪ። ኤጀንሲ «እኛ አጣርተናል» ቢልሽ፣ ምኑን? መቼ? በጽሑፍ ስጡኝ በይ። እነሱ ያመጧትም ብትሆን፣ የድሮ አሠሪዎቿ ጋ ሳትደውዪ ቁልፉን አትስጪ።

ከጀመረች በኋላ የመጀመሪያውን ሳምንት እረፍት ወስደሽ አብረሽን ዋዪ። የሙከራ ጊዜ መሆኑን ውሉ ላይ ጻፊው። ከአልጋ ወደ ወንበር ስታሸጋግረኝ እዪ። ብብቴን ይዛ የምትጎትተኝ ከሆነ አልሠለጠነችም ማለት ነው፤ ትከሻዬን ታወልቀዋለች። ሲርበኝ አንቺን ትጠይቃለች ወይስ እኔን? እሱንም ልብ በይ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ባልተጠበቀ ሰዓት ብቅ በይ። ካሜራ ካስገባሽ ንገሪያት። እኔ ገላዬን የምታጠብበት ቦታ ግን ካሜራ የሚባል ነገር እንዳላይ፣ ሰምተሻል?

የባንክ ካርዴ ትራሴ ሥር ያለው ቦርሳ ውስጥ ነው። ዛሬውኑ ውሰጂው። ወንድምሽ የምስጢር ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ አብሮ አስቀምጦታል፣ ቅደጂው። ወርቄን አንቺ ጋ አድርጊ። መድኃኒቴ በቁጥር ይሰጣት፣ የሰጠችኝን በሰዓቱ ትጻፍ። ሰው ስለማላምን አይደለም። ነገር ሲጠፋ መጀመሪያ የምትጠረጠረው እሷ ናት፤ እኔ ያን ኑሮ ኖሬዋለሁ።

ክፍያዋን ደግሞ አትሰስቺ። እረፍቷንም ጻፊላት።

ደውለሽ ስትጨርሺ እሷን ይዘሻት ነዪ። እኔም ላናግራት፤ እሷ የምታጥበው እኔን ነው። አንቺ ውጭ ትቆያለሽ። ስትመጪ መነጽሬን አትርሺ፣ የማነበው ወረቀት አለ።

እናትሽ